ባለሲባጎው ሳሙና

ባለፈው ክረምት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። በጅማው ሰፈራችን፣ መንደራ ቆጪ፣ መብራት ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም። ሻማ ለኩሼ እጄ የገባ የሳሙና ቁራጭ ላይ አቆምኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሻማው አልቆ እሳቱ ሳሙናው ላይ ሲደርስ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ሳሙና ሽታ ከምንም ጋር አይመሳሰልም፤ የስብም፣ የሰምም፣ የተለበለበ ፀጉርም ትንሽ ትንሽ አለበት። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ስትመጣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

«ምንም አይደለም» አልኳት። እኔ ለብዙ ነገር «ምንም አይደለም» እያልኩ ነው እዚህ ዕድሜ ላይ የደረስኩት።

ዛሬ ግን እናገራለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ለቅሶው ላይ «ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ማንንም ሳያስቀይም ኖሮ ሞተ» ተብሎለታል። እኔ ጥግ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጬ ሰማሁ። በለቅሶ ቤት መልስ አይሰጥም። መልሱ ይኸው።

የበኩር ልጄ ማትሪክ አልፎ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሲደርሰው ሰፈሩ በሙሉ እልል አለ። እኔም እልል ብያለሁ፤ ግን ሳልጨርሰው አቋረጥኩት። በዚያ ሰሞን ሁለተኛ ዓመት የጨረሰ አንድ የጎረቤት ልጅ ለክረምት መጥቶ ነበር። ምን እንደሚበሉ፣ ብርዱ እንዴት እንደሆነ እየጠየቅኩ ዙሪያውን ስዞረው ቆየሁና፣ በመጨረሻ እንደ ዋዛ «ለመሆኑ የት ነው የምትታጠቡት?» አልኩት።

ሳቀ። «እትዬ፣ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በር የለው፣ መጋረጃ የለው። ሻወሩ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ ተሰልፈን እንገባለን። እዚያ ቤት ሀፍረት የሚባል ነገር እንደ ኮት በር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚገባው።»

«ሁሉም ይተያያል በለኛ?»

«መተያየት ብቻ! የማን ጠባሳ የት እንዳለ፣ ማንን አባቱ እንደገረፈው ሁሉ እናውቃለን እኮ።»

ከዚያ በኋላ ያወራውን አልሰማሁትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ልጄ አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር በሚደነግጥበት በዚያ ዓመት፣ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ደጃችን ላይ ቆማ «ለአንድ ቀን ጥያቄ ነው፤ አባቱ ራሱ ይዞት ይምጣ» አለች። ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ዕድር ላይ ስታገኘኝ «እህቴ» ትለኛለች። እህቷ አይደለሁም።

እኔ ልጁን ሰኮሩ ከተማ፣ ወንድሜ ዘንድ ላሽሸው ብዬ ልብሱን መቋጠር ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ ቋጠሮውን ከእጄ ወሰደው። «ንጹሕ ሰው ምን ያሸሸዋል? ብንደብቀው ነው የሚጠረጠር። አንድ ቀን ነው» አለ። የእሑድ ኮቱን ለበሰ። የልጁን ፀጉር ውኃ እያስነካ አበጠረለት። ከዚያ እጁን ይዞ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያስመዘግበው ሁሉ፣ ወሰደው። አንዱ ቀን አሥራ ሰባት ቀን ሆነ።

ሲመለስ ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ ሽቦ ያሰመረው መስመር ነበረበት። ቁስሉን ሁለት ወር ሙሉ በጨው ውኃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያን ጀርባ አንድም ቀን አላየውም። ልጁ ሸሚዙን ሊያወልቅ ሲል እሱ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ተነሥቶ ከቤት ይወጣ ነበር። ልጄም ከዚያ ወዲያ አዌቱ ወንዝ ወርዶ አልዋኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩዮቹ ሲንቦጫረቁ እሱ ዳር ላይ ልብስ ጠባቂ ነበር።

እንዲህ ያለ ጀርባ በዚያ ዘመን እንደ ወረቀት ይነበባል። ያየው ሁሉ «የት ታስሮ ነበር? በምን?» ማለቱ አይቀርም፤ ዶርም ውስጥ ደግሞ ጆሮ ጠቢ አይጠፋም። ጀርባው ከታየ የሚቀርበት ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ክረምት ልጄን ካናቴራውን ሳያወልቅ መታጠብ አስተማርኩት።

መጀመሪያ ሳሙናውን አዘጋጀሁ። ሳሙና ከእጅ ያመልጣል። ለማንሳት ጎንበስ ካለ ደግሞ ካናቴራው ወደ ላይ ይሳባል። እና ምስማር ከሰል ላይ አግዬ ትልቁን የልብስ ሳሙና መሐሉን በሳሁት። ጭሱ ዓይኔን ለበለበኝ። በቀዳዳው የጆንያ መስፊያ ሲባጎ አሳለፍኩና አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት።

ወደ ታች አየውና «እማ፣ ደወልም ጨምሪበት እንጂ» አለኝ። «እንደ ፍየል፣ ስጠፋ በድምፄ ታገኚኛለሽ።»

«ሳቅ። እዚያ ስትደርስ ትመርቀኛለህ።»

ከዚያ ጓሮ፣ ከኮክ ዛፉ ሥር፣ ቆርቆሮ አቁሜ ዩኒቨርስቲውን ሠራሁ። የወተት ጣሳ ሥሩን በሳስቼ ቅርንጫፉ ላይ ሰቀልኩ። ከቆርቆሮው ወዲህ በርጩማ ላይ ቆሜ ውኃውን አፈሳለሁ፤ እሱ ከወዲያ ቁምጣውንና ካናቴራውን እንደለበሰ ይገባል። ነጭ ካናቴራ ሲርስ ገላ ስለሚያሳይ ጥቁር ሰማያዊ ፈልጌ ገዝቼለታለሁ። ትእዛዜ ይህ ነበር፦ ጀርባህን ለግድግዳው ስጥ። ሳሙናውን በካናቴራው ሥር አስገባ። ሲያልቅ ፎጣውን ትከሻህ ላይ ጣል፤ እርጥቡን ከፎጣው ሥር አውጣ፤ ደረቁን በዚያው አጥልቅ። አስቸጋሪዋ እርጥቡ ወጥቶ ደረቁ እስኪገባ ያለችው ጊዜ ነበረች። እሷን ጊዜ የሚያይ ዓይን ያስፈልግ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ሲታጠብ እናት አታይም። ስለዚህ ባለቤቴን ጠራሁት።

ባለቤቴ ቡና መጋዘን ውስጥ ናሙና መርማሪ ነበር። ዓይኑ በጅማ ብቻ አይደለም፣ እስከ አጋሮ ድረስ ይወራለት ነበር። ሰፌድ ሙሉ ቡና ፊቱ ሲደረግለት፣ እጁን ሳይሰድ፣ ቆሞ በማየት ብቻ አንዷን ጥቁር ፍሬ «ያቻት» ይላል። ነጋዴዎቹ ይፈሩት ነበር።

«አንተ ሰው ያላየውን የምታይ ነህ» አልኩት። «እዚህ ተቀመጥ። ስጠይቅህ የታየህን ንገረኝ።»

«እኔን ተይኝ፤ ሌላ ሰው...»

«ማንን ልጥራ? ሊቀመንበሯን?»

ተቀመጠ። ለልጄ ስል ብቻ አልነበረም። ከዚያ ጀርባ ሲሸሽ አራት ዓመት አይቼዋለሁ፤ እንዲያየው ፈልጌ ነው።

በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ እንዲህ ሆንን። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ውኃ አፈሳለሁ። የረጠበ አፈርና የሳሙና ሽታ ይመጣል። ከመስጊዱ የአስር ሶላት አዛን ይሰማል። ፎጣው ሲራገፍ እሰማና እጮኻለሁ።

«ታየ?»

ከቆርቆሮው ማዶ የባለቤቴ ድምፅ «አልታየም» ይላል።

«እንደገና። ታየ?»

«አልታየም።»

በሳምንቱም አልታየም። ከዚያ በኋላም አልታየም። ልጄ እየፈጠነ ሄደ፤ እኔም እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ። አንድ ቀን ማጀት ውስጥ ብቻዬን ስዘፍን ራሴን ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ዘፍኜ አላውቅም።

ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ጣሳው ውስጥ የነበረው ውኃ አለቀ። ከበርሜሉ ልቀዳ ከበርጩማው ወርጄ በቆርቆሮው ጫፍ በኩል ሳልፍ ባለቤቴን አየሁት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይኖቹን ጭስ እንደገባበት ሰው አጥብቆ ጨፍኗል።

ፎጣው መሬት ወድቆ ነበር። ልጄ ሊያነሳው ዞሮ ጎንበስ ብሏል። ጀርባው እንዳለ ለአባቱ ተሰጥቶ፣ መስመሩ ሁሉ በውኃው ርሶ ያበራል።

«ታየ?» አልኩ።

«አልታየም» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ክረምቱን ሙሉ። ክረምቱን ሙሉ «አልታየም» ያለው እንዲያ ሆኖ ነው። ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩ። አፌን ከፍቼ የአራት ዓመቱን ሁሉ ላወጣው ስል ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። ተይ ማለቱ ነው። ተውኩ።

በማግስቱ የልጄን ሳጥን ስናዘጋጅ «አባትህ ሲጨፍን አይተሃል አይደል?» አልኩት።

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እማ።»

«እና ዝም ትላለህ? ልምምዱ ሁሉ ከንቱ! ጀርባህ ይታይ አይታይ ማን ያውቃል አሁን?»

ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲባጎውን ላዩ ላይ አጠመጠመው። «መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚቀመጠው» አለኝ። «አሁን ወደ እኔ ዞሮ ነው የሚጨፍነው። እሱም እየተለማመደ ነው።»

ሳሙናውን ተቀብዬ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በጥቅምት ደረሰ። በዚያ ዘመን ደብዳቤን ከተላከለት ሰው በፊት ሌላ ሰው ያነበዋልና ልጄ በጥንቃቄ ነበር የጻፈው። «እማ፣ ከሰው ቀድሜ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምታጠበው። ብቻዬን የምሆን መስሎኝ ነበር፤ አራት ሆነን ተገኘን። አራታችንም ካናቴራችንን አናወልቅም። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሳሙናሽ ለአራት እየበቃ ነው» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ይሁን የሌላ አላውቅም። ባለቤቴ «ምን አለ?» ሲለኝ «ሳሙናው ደርሶለታል» ብዬ ደብዳቤውን አጠፍኩት።

በየክረምቱ ሲመጣ አዲስ ሳሙና እየበሳሁ እሰጠው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ተማሪዎቹ ለሰፋሪዎች ቤት ሊሠሩ ወደ ጋምቤላ ዘመቱ። ከዚያ አልተመለሰም። ወባ ነው አሉን። እዚያው ተቀበረ። ከዚህ ታሪክ ለእኔ ይህን ያህሉ ይበቃኛል።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ ሦስት ልጆች በበደሌ መንገድ በጭነት መኪና መጡ። ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ቀይ አቧራ ለብሰዋል። የልጄን ሳጥን ለሁለት ይዘውታል፤ ሦስተኛው የእሱኑ ሸበጥ በእጁ ይዞ ይከተላል። ሦስት መሆናቸውን ሳይ፣ ማንነታቸውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኳቸው።

ባለቤቴ ከለቀስተኛው መሐል ተነሣ። «ውኃ ያስፈልጋቸዋል» አለና ወደ ጓሮ ይዟቸው ሄደ። ማንም አላዘዘውም። ፎጣ ይዤ ተከተልኩና ከቆርቆሮው ወዲህ፣ በድሮው ቦታዬ ቆምኩ። ሳጥኑን ከፍቶ ሳሙናውን አወጣ፤ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሆኖ፣ ሲባጎው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

አጭሩ ልጅ ካናቴራውን ይዞ ቆመ። «እኔ ይብቃኝ አባባ፤ ፊቴን ብቻ ልታጠብ።»

«አውልቅ፣ ልጄ» አለው ባለቤቴ። «እዚህ ቤት ይወለቃል።»

ልጁ አወለቀ። በቆርቆሮው ጫፍ ወደ ባለቤቴ ፊት አየሁ። አልጨፈነም። ያ ከሰፌድ ሙሉ ቡና አንዷን ጥቁር ፍሬ የሚያወጣ ዓይኑ በልጁ ጀርባ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ወረደ፤ አንድም መስመር አልዘለለም። ውኃ አፈሰሰ። ከዚያ ያችን የሳሙና ቁራጭ መስመሩን ተከትሎ፣ ቁስሉ ያልዳነ ይመስል፣ በቀስታ ያስኬዳት ጀመር። ሳሙናዋ እጁ ውስጥ አለቀች፤ ሲባጎው ቀረ።

ከቆርቆሮው ማዶ መቆሜን እንዴት እንዳወቀ እንጃ። ሳይዞር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ታየኝ» አለ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ልጃችን የእሱን ዓይን መጨፈን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ያውቅ እንደነበር፣ ቂም እንዳልያዘበት፣ «እሱም እየተለማመደ ነው» ብሎ እንደሄደ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አፌ ላይ ነበረች። ፎጣውን በቆርቆሮው ላይ አቀበልኩትና ወደ ለቀስተኛው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ማዕድ በላን። በየቀኑ ልነግረው እችል ነበር። ገና ይቅመሰው እያልኩ አቆየሁበት።

ከባለቤቴ ተዝካር በኋላ ልብሱን ለድሃ ልሰጥ ሳወጣ፣ ልጄን እጁን ይዞ ከወሰደባት ቀን ወዲህ ለብሶት የማያውቀውን የእሑድ ኮቱን አገኘሁ። ኪሱ ውስጥ ሲባጎው ነበር፣ በሥርዓት ተጠምጥሞ። አፍንጫዬ ላይ ደቀንኩት። የሳሙናው ሽታ የለም። ቡና ቡና ይላል።

ኮቱን አልሰጠሁትም። መስቀያው ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ፣ የልጅ ልጄ ወጣ ስትል፣ ፊት ለፊቱ እቀመጥና ያችን ዓረፍተ ነገር እጀምራታለሁ። እስከ መጨረሻዋ ግን እስካሁን አልዘለቅኳትም።