የሃልሞኒ መዝሙር

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን «አያቶቻችሁ የሚወዱትን አንድ ዘፈን ይዛችሁ ኑ» ብያቸው ነበር። የማስተምረው ፓሳዴና ውስጥ፣ አራተኛ ክፍል ነው። አንዲት ኮሪያዊት ተማሪዬ በእናቷ ስልክ የቆየ ዘፈን ስታሰማን፣ ገና አኮርዲዮኑ ብቻውን ሲያንጎራጉር ማርከሬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እችለዋለሁ። ልጆቹ ስላላመኑኝ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈንኩላቸው። ከየት እንዳወቅሁት ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም።

ከእናቴ ጋር በዲቪ ሎስ አንጀለስ ስንመጣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ፌርፋክስ ላይ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተከራየን። እናቴ ያገኘችው ሥራ አንዲት ኮሪያዊት አዛውንትን በቤታቸው መንከባከብ ነበር። ኮሪያውያን አያትን «ሃልሞኒ» ይላሉ፤ እኛም እንደዚያው ጠራናቸው። መንጃ ፈቃድ ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት እናቴን አደርሳታለሁ። መንገዱ ቀላል ነው። ኦሎምፒክ የሚባለው ጎዳና ላይ ወጥቶ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያዩ ወደ ምሥራቅ መንዳት ነው፤ የሱቆቹ ጽሑፍ ሁሉ የኮሪያ ፊደል ሲሆን ደርሰዋል። ኮሌጅ የምገባው ከሰዓት ስለነበር ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጬ አጠና ነበር።

ሃልሞኒ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለው ነበር። ቶራንስ የምትሠራው ልጃቸው ግሬስ በመጀመሪያው ቀን የነገረችንን ለእናቴ ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ፦ ክብደታቸው እንዲህ እየቀነሰ ከሄደ ሐኪሙ መጦሪያ ቤት ይግቡ ማለቱ አይቀርም። ሃልሞኒ ደግሞ ከሞት ይልቅ ከዚያ ቤት መውጣትን ይፈሩ ነበር።

እናቴ እንግሊዝኛዋ ጥቂት፣ ኮሪያኛዋ ባዶ ነው። ስለዚህ በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ፣ ታናግራቸው ነበር። «እስቲ ይቺን ብቻ ይቅመሱልኝ፣ እማማ» ትላቸዋለች። እሳቸው በኮሪያኛ ይመልሳሉ። ከሌላ ክፍል ለሚሰማቸው ሰው የሚግባቡ ይመስሉ ነበር። የሩዝ ገንፎው፣ ከአጥሚት ወፈር ያለው፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብ የሚልበት፣ ቀዝቅዞ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል።

ግሬስ ለእናቷ ማጫወቻ ላይ የጫነችላቸው የድሮ ዘፈኖች ቀኑን ሙሉ ይሰማሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ አስተማሪነቴ አይለቀኝም። በመሃሉ ግሬስ በወጣትነቷ የጨፈረችባቸው የዲስኮ ዘፈኖች ነበሩ፤ እነሱ ሲመጡ ሃልሞኒ ፊታቸውን አጨፍግገው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ተማሪዎች በጊታር የሚያዜሟቸው ለስለስ ያሉ ዘፈኖች ሲመጡ ዝም ይላሉ። ከሁሉም የቆዩት ግን ትሮት የሚባሉት ናቸው። አብዛኞቹ እንደኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ፤ ዘፋኙም ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን ሰበር አድርጎ ያንቀጠቅጠዋል። እነሱ ሲጀምሩ ሃልሞኒ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ እንባቸው ይወርዳል።

እናቴ ጴንጤ ናት። በልጅነቷ በቀበሌ ኪነት የታወቀች ድምፃዊት ነበረች፤ ጌታን ከተቀበለች በኋላ ግን ከመዝሙር በቀር ዘፈን የሚባል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሰርግ ላይ እንኳ ዘፈን ሲጀመር ተነስታ ትወጣለች። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ዘርግተው የሚያለቅሱ አዛውንት ስታይ ምን ታስብ?

«መዝሙር ነው» አለችኝ። «ኮሪያዎች እኮ አማኞች ናቸው። አታያቸውም? መንፈስ ነክቷቸዋል።»

«በአኮርዲዮን፣ እማ?»

«እኛስ በኪቦርድ አይደል የምንዘምረው?»

አንዱን በጆሮዋ ብቻ አጠናችው፤ ቃሉን ሳታውቅ፣ የድምፁ ስብራት ሳይቀር። አንድ ጠዋት ማንኪያውን ይዛ ስታዜመው ሃልሞኒ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቀጥሎ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ማንኪያ ሆነ። በጋው ሲያልቅ ሃልሞኒ ጉንጭ አውጥተው ነበር።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ከሰዓት የምትሰበሰበው ከአንድ የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን በተከራየችው አዳራሽ ነው። ስንገባ ምድር ቤቱ ኪምቺ፣ የኮሪያዎቹ የኮመጠጠ ጎመን፣ ይሸታል፤ ስንወጣ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ሁለቱ ጉባኤዎች አብረው ያመልካሉ። የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ታደሰ «ለባለቤቶቹ ክብር አንድ የኮሪያ መዝሙር ብናቀርብ» ሲሉ እናቴ እጇን አወጣች።

ቀኑ ከበረሃው ሞቃት ነፋስ የሚነፍስበት ነበር። እናቴ ነጭ የመዘምራን ልብሷን ለብሳ ወጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጀመረች። እንደዚያ ቀን አሳምራ ስትዘምር ሰምቼ አላውቅም። የኛ ሰዎች «አሜን! ሃሌሉያ!» ይላሉ። በኮሪያዎቹ ረድፍ ግን አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንዱ በጭብጨባ ሊያጅባት ሲል ሚስቱ እጁን መታችው። ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶች ያለቅሱ ነበር።

ምሳ ላይ የኮሪያዎቹ ፓስተር ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ወደብ ላይ ቆማ መርከበኛ ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ ሴት ዘፈን ነው» አሉኝ ለስለስ ብለው። «አባቴ ሲጠጣ ይዘፍነው ነበር። እናትሽ ከሱ የተሻለች ናት።»

ስነግራት እናቴ ሳህኗን አስቀመጠች።

«የመጠጥ ቤት ዘፈን? መድረክ ላይ?»

«እህት አስቴር፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ሶ፣ ከተቀጣንም አብረን ነው።»

እሷ አልሳቀችም። መኪና ውስጥ «ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም» አለች።

«ሃልሞኒስ?»

«በመዝሙር ይበላሉ።»

ሰኞ ማንኪያውን ይዛ እውነተኛ መዝሙር ዘመረችላቸው፣ በአማርኛ። ሃልሞኒ አዳመጡ፤ ከንፈራቸውን ግን አልከፈቱም። በማግሥቱም እንደዚያው። ሳምንቱ ሲገባደድ ግሬስ ሚዛን ላይ አወጣቻቸውና ወደ በረንዳው ወጣች። ተመልሳ «ሰኞ ለሐኪሙ እደውላለሁ» አለችኝ። ይህንንም አስተረጎምኩ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ያልተበላበትን ሳህን ታጥባለች። ሃልሞኒ ወንበራቸው ላይ ሆነው በቀጭን ድምፅ ራሳቸው ጀመሩት። እናቴ ድምፁን ትሰብርበት ከነበረው ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። አልጨረሱትም። ጀርባዋን እያዩ ጠበቁ።

እናቴ ውሃውን ዘጋች። ከእጆቿ ውሃ ይንጠባጠባል። ዞር ሳትል ካቆሙበት ቀጠለችው። እያዜመች ገንፎውን አሞቀች፣ እያዜመች ተቀመጠች። ሃልሞኒ በሉ። ለግሬስ ነገርኳት፤ የዚያን ቀን ለሐኪሙ አልደወለችም።

«ለጋሽ ታደሰ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ ወደ ቤት ስንመለስ። እሑድ ነገረቻቸው። ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«ይበላሉ?»

«ይበላሉ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? መድረክ ላይ ግን ሌላ ፈልጊ።»

ሃልሞኒ ከዓመታት በኋላ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው አረፉ።

እኔ ነገሮችን በየፈርጃቸው ማስቀመጥ እወዳለሁ፤ ሥራዬም ነው። ለብዙ ጊዜ ያ ጠዋት የእናቴን እምነት ያላላው ይመስለኝ ነበር። አላላላውም። ዛሬም ሰርግ ላይ ዘፈን ሲጀመር ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች። አሁን የሚገባኝ፣ ማንኪያውን ስትይዝ የምታስበው ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለሚከፈተው አፍ መሆኑ ነው።

አሁን በርባንክ ውስጥ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ትንከባከባለች፤ ምግብ አስቸግረዋታል። ትናንት ደውላልኝ «የድሮ የአርመን ዘፈን ፈልጊልኝ» አለችኝ። መዝሙር አላለችም።