የባቡር ምላስ

ማሽኑ መጀመሪያ የጮኸው በእኔ ላይ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ መናፈሻ ውስጥ፣ ሊቆረጥ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የዓለምን መበላሸት ከጋዜጣ ላይ ሳረጋግጥ፣ የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ረምዚ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር ያለበትን ረጅም ዘንግ መሬት ለመሬት እያንሳፈፈ መጣና ጉልበቴ አጠገብ ሲደርስ ዘንጉ እንደ ራበው ጫጩት ጮኸ። ከዱባይ ያስመጣው የብረት መፈለጊያ ነው። መናፈሻው በድንጋይ ሊነጠፍ ስለሆነ፣ ፈረንሳዮቹ፣ ግሪኮቹና አርመኖቹ የጣሉትን አሮጌ ሳንቲም፣ ዕድል ከቀናውም ማርትሬዛ ብር፣ አስቀድሞ ለመልቀም ቸኩሏል።

«አቦ ተነሣ እስቲ፤ ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?» አለኝ። ድሬ ላይ ሽበት አንቱታ አያስገኝም፤ ከተማዋን ከምወድባቸው ጥቂት ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነው።

ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። ከቁልፎቹ ጋር የተንጠለጠለውን ስስ ቢጫ ብረት ሲያይ ሳቁ አመለጠው። «ምላስ! ወላሂ ምላስ! አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ ተሸክመኸው ትዞራለህ?» ላሳየው ስፈታው የነሐስና የላብ ሽታው ጣቶቼ ላይ ቀረ፤ ያ ሽታ ደግሞ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ወደ ኋላ ይወስደኛል።

ያኔ ባቡሩ በከተማው መሀል ነበር የሚያልፈው፤ እኛ የባቡር ሠራተኛ ልጆች ሰዓት የምናውቀው በእሱ ነበር፣ እሱ ራሱ ሰዓት ባያውቅም። ከጅቡቲ የሚመጣው ሊደርስ ሲል ፀሐይ ያጋለችው ሐዲድ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን፣ ጉንጫችን እየተቃጠለ፣ የሩቁን ጉርምርምታ እናዳምጥና አስር ሳንቲማችንን በምራቅ አጣብቀን ቁጥቋጦ ውስጥ እንደበቃለን። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ሳንቲሙ ምላስ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ስስ፣ ሞላላ፣ ትኩስ። አንበሳው የለም፣ ጽሑፉም የለም። መንግሥት ሲለወጥ ሳንቲም ላይ ያለውን ፊት ይለውጣል፤ ባቡሩ ግን የሁሉንም ፊት እኩል ይልስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ትምህርት አልተማርኩም።

ምላስ ሕግ ነበረው። ሁለት ሰዎች ቃል ሲገባቡ የሁለቱን ሳንቲሞች ጫፍ ደራርበው ሐዲዱ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ባቡሩ ሲጫናቸው የአንዱ ጠርዝ ሌላው ላይ አዲስ ጨረቃ የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ያትማል፤ ስለዚህም ያ ምላስ ከወንድሙ በቀር ከማንም ጋር አይገጥምም። ከተማውን የሚለቅ ሰው የራሱን ከዚሁ ዛፍ ሥር ይቀብራል፣ የሚቀረው የራሱን ይዞ ይጠብቃል። የሄደው ሲመለስ መጀመሪያ ምላሱን ቆፍሮ ያወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። የሌላውን ሰው ምላስ መቆፈር ነውር ነበር፤ ባለቤቱን ቃል አባይ ማድረግ ነውና። ዛፉን የቀረው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል፤ እኛ ድሬዎች ዛፍ ብቻ ነው የምንለው፣ በግንቦት ቀይ አበባው ረግፎ መሬቱን ሲሸፍነውም ማንም ግጥም አይጽፍለትም።

ታላቅ ወንድሜ ኤልያስ ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምር አፈሳ መጣ። መንገድ ላይ የተገኘ ጎረምሳ እየተጫነ ወደ ጦር ሜዳ በሚላክበት በዚያ ጊዜ እናታችን ቀን ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ ትደብቀው ነበር፤ እሱ ግን መለሎ ስለነበር ጉልበቱ የሣጥኑን በር እየገፋ ይከፍተዋል። «ይህን ሁሉ ቁመት ማን አብቅል አለህ?» እያለች በሩን መልሳ ስትዘጋ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ ይመጡ ነበር። በመጨረሻ ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያመላልሱ ጎረቤታችን ከጭነታቸው ጋር አብረው ሊያሳልፉት ተስማሙ። በዋዜማው ሁለታችን ሳንቲሞቻችንን ደራረብን። ዛፉ ሥር በሾርባ ማንኪያ ቆፍሮ የራሱን ከቀበረ በኋላ አፈሩን በጫማው እየደለደለ፣ «ስመጣ አወጣዋለሁ። አንተ ያንተን ብትጥል ግን ጥርስህን ነው የማረግፈው» አለኝ። ከጅቡቲ በጎረቤታችን አፍ «ደህና ነኝ፣ ባሕር ልሻገር ነው» የሚል ቃል ላከ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውጭውን በር አልቀረቀረችም። ስለ ዛፉም አንድ ቀኖና ደነገገች፤ «አይቆፈርም። ምላሱ ካለ ይመጣል፤ ከሌለም መጥቷል» አለች። እኔ የሰውን ሁሉ አጉል እምነት በጽሑፍ ስሳለቅበት የኖርኩ ሰው፣ ያንን አፈር ግን በጥፍሬ እንኳ ሳልነካው ሸበትኩ።

ረምዚ ዘንጉን ወደ ዛፉ ሥር ሲወስደው ጩኸቱ ባሰ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እሱም የከዚራ ልጅ ነው፣ ሕጉን ያውቃል። «ላውጣ?» አለ። ግንዱ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም አየሁ። ሰው ባይቆፍረው ዶዘር ሊቆፍረው ነው።

«አውጣ» አልኩት።

የመጀመሪያው ምላስ ከእኔ ጋር አልገጠመም። ሁለተኛውም አልገጠመም። «ፊት የሌለውን ማን ይገዛኛል?» እያለ ሲቀልድ የነበረው ረምዚ፣ ምላሶቹ ከሥሮቹ መሀል እየተከታተሉ ሲወጡ አፈራቸውን በሸሚዙ ይጠርግላቸው ጀመር። ያልተመለሱት የሰፈራችን ልጆች ጋዜጣዬ ላይ ተደረደሩ። ከዚያ አፈር ያጠቆረውን አንዱን አንሥቼ በእኔው ላይ ስደርበው ጠርዙ ጨረቃዋ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

«ያ አላህ» አለ ረምዚና ማሽኑን አጠፋው።

ወደ ቤት በባጃጅ ስሄድ ውሸቴን አዘጋጀሁ። ለእናቶች መዋሸት ምሕረት ነው የሚሉትን ሁሉ ስቃወም የኖርኩት እኔ፣ ዐይኗ ደክሞ በረንዳ ላይ ከተቀመጠችው እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ «እማዬ፣ ዛፉ ሥር ተቆፈረ። የኤልያስ ምላስ የለም» አልኳት።

«መጥቷል!» አለች። ፊቷ በራ፤ የሣጥኑን በር የምትዘጋዋን ሴት ለአፍታ አየኋት። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

«ምላሱን አወጣ» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «ከዚያ… እኔን ሳያየኝ ሄደ? በሩ ክፍት ነበር እኮ።»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ሁለቱንም ምላሶች ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። በአውራ ጣቷ ዳበሰቻቸው፣ አገላበጠቻቸው፣ ጠርዝ ለጠርዝ አስጠጋቻቸው፤ ሲገጥሙ እጇ ቆመ።

«እሰይ» አለች መዳፏን ጨብጣ። «እንኳንም አልመጣ። ልጄ ደጄን አልፎ አልሄደም።»

አሁን ዛፉ የለም። መናፈሻው ተነጥፎ አምሮበታል፣ ይህን እኔም አልክድም። ባቡሩ የሚቆመው ከከተማ ውጭ ነው፤ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ፍየሎች ይተኛሉ፤ የዛሬ ልጆች ቃል ቢገባቡም ቃላቸውን የሚያትምላቸው መንኮራኩር የለም። የቀሩትን ምላሶች ረምዚ ንጣፉ ሳይደርስ መልሶ ቀበራቸው። የእኛዎቹን እናቴ እንደተጣመሩ በመሐረብ ቋጥራ ይዛቸዋለች፤ ቁልፌን ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር ጣቶቼ የእኔን ይፈልጉታል።

ምላሶቹ መዳፏ ላይ በገጠሙበት ምሽት ግን ከበረንዳው ደግፌ ሳስገባት እጄን ያዝ አደረገችና፣ «የውጭውን በር ቀርቅረው» አለችኝ። ሄድኩ። መቀርቀሪያው በቆየበት ዝጎ ከበሩ ጋር አንድ ሆኗል፤ ብገፋው፣ በድንጋይ ብመታው አልነቃነቅ አለ። ከውስጥ «ዘጋኸው?» ስትል ሰማኋት።

«ዘግቼዋለሁ» አልኩ፣ ክፍት በሩን በጀርባዬ ተደግፌ።