ስቶያን ልጄን ዝም ያሰኘበት እሁድ

ከመርካቶ የተሰደድነው እኔና ልጄ ተስፋሁን ነን። ተክለ ሃይማኖት የቀረችው ባለቤቴ ብርቅነሽ ናት። አራተኛው ስቶያን ነው፣ ሶፊያ ላይ ቤት ያከራየን ቡልጋሪያዊ።

በሄድንበት ሌሊት ብርቅነሽ የልጇን አንገት አቅፋ አልለቅም አለች። «ድምፅህን አሰማኝ፣ ሌላ አልፈልግም» አለችው።

የሶፊያ እርጎ ግሩም ነው። ገበያው ግን አይጣራም፤ መርካቶ ዱባይ ተራ ለኖረ ሰው ለቅሶ ቤት ይመስላል።

ስቶያን የትምባሆ ገበሬ ልጅ ነው። ወታደር ሳለ ሲዘፍን ሰምተው ኦፔራ አስገቡት። ድምፁን ባስ ይሉታል፣ ከወንድ ድምፅ ሁሉ የወፈረውን። ዕድሜውን በየአገሩ መድረክ ላይ ንጉሥና ቄስ እየሆነ ዘፈነ፤ ሳሎኑ ዘውድ ደፍቶ በተነሳቸው ፎቶዎች ተሞልቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ተስፋሁን ደረጃው ላይ ሲያንጎራጉር ሰማውና ያስተምረው ጀመር። «ሲኔ» ይለዋል፤ ልጄ ማለት ነው። ያን ድምፅ ማን ሰጠውና? እኔ ዱባይ ተራ ጨርቅ ስሸጥ ጥሪዬ ራጉኤል ድረስ ይሰማ ነበር፤ ዘውድ የደፋልኝ ግን የለም። ቅናት ነቀርሳ ነው ብዬ ልጄን ያሳደግሁ ሰው፣ ቀናሁ።

ተስፋሁን ለኦፔራው መዘምራን ሊፈተን ሲል፣ ስቶያን ዋዜማውን ሙሉ ቃል እንዳይተነፍስ አዘዘው።

«ዝም ማለትም ሥራ ሆነ?» አልኩት በተሰባበረ ቡልጋሪኛዬ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነበርኩ።»

«ሚስትህስ ምን አለች?»

«ሄደች» አለ፣ ፈገግ ሳይል።

ዋዜማው እሁድ ዋለ። ብርቅነሽ በጎረቤታችን በሸምሱ ሱቅ ስልካችንን የምትጠብቅበት ቀን ነበር። ደወልኩ።

«ተስፉን ስጠኝ።»

«ዛሬ አይናገርም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አጠገቤ ነው፣ ደህና ነው፤ መናገር ብቻ ነው የማይችለው።»

ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። እኛ አገር መርዶ እስኪነገር ድረስ የሟች እናት የምትሸነገለው በዚህ ቃል ነው።

«ልጄን ቀብረኸዋል!» ብላ ጮኸች። ሸምሱ ስልኩን ተቀበለ። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መሬት ላይ እየተንከባለለች ነው!»

ጩኸቷን ሰምቶ ልጄ መጀመሪያ ያየው አጠገባችን የቆመውን ስቶያንን ነበር። ነገሩ ያልገባው ስቶያን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ያኔ ተስፋሁን ስልኩን ነጠቀኝና «እማዬ!» አለ። የወጣው ስቶያን ያስተማረው የመድረክ ድምፅ ነበር።

«ይሄ የሱ አይደለም! ሰው አምጥተህ ታታልለኛለህ!» አለች ብርቅነሽ፣ ሸምሱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሲያደርግላት።

ልጄ እየጮኸ ማለ፣ ለመነ፣ አለቀሰ። ቢጨንቀው በኔው የጨርቅ ጥሪ፣ በኔው ዜማ «ዳብሰው! ካልወደድከው ተወው!» ብሎ አንባረቀ። ብርቅነሽ ያኔ አመነች።

እኔም የኔው ጥሪ አሸነፈ ብዬ ሳቅሁ። ተስፋሁን ስስቅ አየኝ።

በማግስቱ ድምፁ ተዘግቶ ፈተናውን ወደቀ።

ያ እሁድ ያስከፈለን ይህን ነው፦ ብርቅነሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር እስከ ዛሬ ትደነግጣለች። ስቶያን መድረክ ላይ ሊያየው የተመኘውን ልጅ አጣ፤ ልጄም መድረኩን። እኔስ? ተስፋሁን እሁድ ይደውላል፣ እናቱን ያጫውታል፣ ከዚያ ለእኔ ቃል ሳይተነፍስ ወደ ስቶያን ሳሎን ይወጣል። የፈተናው ቀን ካለፈ ቆይቷል፤ ለእኔ ግን አሁንም ዋዜማ ነው።