የቲቸር ችፑዶች

በዕድራችን የንብረት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳፋው ሁሉ በእኔ እጅ ነው። እንጀራዬ ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ባነር ማተም ነው፤ ለተመራቂ "እንኳን ደስ አለህ"፣ ለሟች "ነፍስ ይማር"። አላማርርም፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሠዓሊ ልሆን ነበር። ይህን ከእኔ ይልቅ አጥብቀው የፈለጉት ሥዕል ያስተማሩኝ ሰውዬ ናቸው፤ ቲቸር።

ሐዋሳ ውስጥ እሳቸውን በስማቸው የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ሽማግሌውም ሕፃኑም ቲቸር ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሥዕል የተማሩት ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ሠዓሊዎቻችን ነው፤ ባሕር ማዶ ተምረው ከተመለሱትና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ የለመደውን ያገሬውን ዓይን ካስደነገጡት ሰዎች። ስለ እነዚያ ሰዎች ሲያወሩ ቁጭ ብለው አያውቁም፤ ብድግ ይላሉ። "እነሱ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱት" ይሉን ነበር። "እኛ ገባን። እናንተ ደግሞ ወንበር ፈልጋችሁ ቁጭ አላችሁ።" ስድብ መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እዚህ የመጀመሪያውን የሥዕል ዐውደ ርዕያቸውን ያሳዩት በትምህርት ቤታችን መመገቢያ አዳራሽ ነበር። "ዓሣ" ያሉት ሥዕል ላይ አንድም ዓሣ የለም፤ ሰማያዊ ሜዳና ሦስት ነጭ መስመር ብቻ። መምህራኑ እየተጠቃቀሱ ሳቁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን ቀረብ ብለው "ቲቸር፣ ዓሣው የታለ?" አሏቸው።

"ሄዷል" አሉ ቲቸር። "ይሄ የሄደበት ውሃ ነው።"

ዘበኛው አልሳቁም። በማግስቱ ተረኛ ሳይሆኑ መጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሐይቁ ዳር አግኝቼያቸው ስናወራ "እኚህ ሰውዬ እኮ አበላሹኝ" አሉኝ። "ውሃ ባየሁ ቁጥር መስመር እፈልጋለሁ።"

ስለዚህ አንዳንድ አዋቂ ነኝ ባይ "ዘመናዊ ሥዕል ለሕዝቡ ምን ፈየደ?" ሲል ደሜ ይፈላል። ሐይቅ ዳር ያሉትን የምግብ ቤት ግድግዳዎች የቀቡት የቲቸር ተማሪዎች ናቸው። አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈራችን ያለችው ልብስ ሰፊ ብርቱካናማን ከሐምራዊ ጋር ለማጋጠም ያልፈራችው ከእሳቸው ተምራ ነው። ሕዝቡ ሳያውቀው የእሳቸውን ቀለም ለብሶ ይሄዳል። እሳቸው ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ ዐውደ ርዕይ የሚያሳዩበት አንድ አዳራሽ አላገኙም።

እኔ በብሩሽ ታፔላ እጽፍ ነበር። የማተሚያ ማሽኑ ሲመጣ ብሩሹን ጣልሁ፤ ያረጁት የችፑድ ታፔላዎች ሱቄ ጓሮ ተከመሩ። አንድ ቀን ቲቸር መጥተው "እነዚህን ልትጥላቸው ነው?" አሉኝ።

"ይውሰዷቸው ቲቸር፤ ቦታ ነው ያጣበቡብኝ።"

ባጃጅ ጠርቼ አስጫንኩላቸው። ለምን እንደሚፈልጓቸው አልጠየቅሁም። አጥር ሊጠግኑባቸው ይሆናል ብዬ ደመደምሁ። ሊሄዱ ሲሉ "ስጨርስ እጠራሃለሁ" አሉኝ። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር ዓይኔን ከማሽኑ ሳላነሳ "እሺ" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ሳልሄድ ቀረሁ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያልኩ። ከቤቴ ቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሐምሌ ላይ አረፉ።

ለቅሶ ቤት ሲሆን ሳሎኑ ባዶ ይደረጋል፤ ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ ይወጣል። ልጆች አልወለዱምና ባለቤታቸው ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ድምፄን ሲሰሙ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሥዕሎቹን አደራ። እኔ አላይም፤ አንተ ታውቃቸዋለህ።"

"አይስጉ እትዬ" አልኩ።

ሳሎን የተሰቀሉትን ሰባት ሥዕሎች በገዛ እጄ አወረድሁ። በአንሶላ ጠቅልዬ ጎረቤት አልጋ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በሩንም ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

ድንኳኑን ደጃፍ ላይ ተከልን። ዝናቡ ያባራል ስንል ይብስበታል። ከቀብር መልስ ሕዝቡ ሲገባ መግቢያው ጭቃ ሆነ፤ አንድ ሽማግሌ ተንሸራተው ወደቁ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው፤ ለቀስተኛ ከወደቀ የሚወቀሰው የንብረት ኃላፊው ነው። የሚነጠፍ ነገር ፍለጋ ጓሮ ሰርቪስ ቤቱን ከፈትሁ።

ግድግዳውን ተደግፈው አሥራ አንድ ችፑዶች ቆመዋል። "ጎሚስታ" ይላል የፊተኛው። ቀጥሎ "የወንዶች ፀጉር ቤት"። የራሴ የእጅ ጽሑፍ! በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልሁ። "የእኔ ናቸው፤ አውጧቸው" አልኩና የተላቀቀ የድንኳን ቋሚ ልይዝ ሮጥሁ።

ችፑዶቹን ያወጡት ጎረቤታችን መካኒኩና ሌሎች የዕድራችን ሰዎች ናቸው። መካኒኩ ከበስተኋላዬ ጮኾ "ይሄ በዚህ በኩል ቀለም ተደፍቶበታል እኮ፤ አልደረቀም!" አለኝ።

"እንግዲያው እሱን ወደ ታች አድርጉት" አልኩ። "የሰው ጫማ እንዳያበላሽ።"

ዞር ብዬ አላየሁም። ሠዓሊ ሥዕሉን ሲያስቀምጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚያቆም በአሥራ አራት ዓመቴ ከእኚሁ ሰው ነው የተማርኩት። የእኔ ጽሑፍ ወደ ውጭ የዞረው ጀርባው ስለሆነ ነበር። ይሄን ያህል የዞረበት ሰው ዕድር ባይሾመው ይሻል ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝብ ተመላለሰበት። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጡ። ባለ ምግብ ቤቶቹ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በዱላ እየተደገፉ ዘበኛውም መጡ። ሁሉም እግራቸው ሳይረጥብ ገቡ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ "በዚህ በኩል፣ በችፑዱ ላይ" እያልኩ አሳለፍኳቸው።

ሠልስት አውጥተን ድንኳኑን ስናፈርስ የመጀመሪያውን ችፑድ አነሳሁ። ውሃ እንደጠጣ ዳቦ አብጦ ከእጄ ላይ ተቆርሶ ወደቀ። ገለበጥሁት። ጭቃ ነው። በአውራ ጣቴ ጠረግ ሳደርገው ከሥሩ ቢጫ ወጣ፤ የሳፋ ወይም የአጥር ቢጫ አይደለም፤ ቲቸር ብቻ የሚበጠብጡት ቢጫ ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ "፯" ተጽፏል። ሌላውን አነሳሁ፤ "፬" ይላል። ተራ ነበራቸው። ስንት ወር ሲሠሯቸው እንደኖሩ እንጃ። ቀለሙ ከሰሌዳው ለቆ ጭቃው ላይ ቀርቷል፤ ጭቃውን ደግሞ ዝናቡ ወስዶታል። አንድ እንኳ የተረፈ ይኖር እንደሆን ብዬ አሥራ አንዱንም አገላበጥኋቸው። አልተረፈም። መካኒኩ አጠገቤ ቆሞ "ምን ሆንክ?" ይለኛል።

እንዳላየ አቃጥያቸው ዝም ማለት እችል ነበር። ሴትዮዋ አያዩም፤ ሌላው ሰው አያውቅም። ይሄን አሰብኩ፤ ማሰቤን ልደብቅ አልችልም። ግን እግሬ ወደ ቤት ይዞኝ ገባ። ባለቤታቸው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

"እትዬ፣ አደራዎን በላሁ" አልኳቸው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እዚያ ሰርቪስ ቤት ይገባል" አሉ። "እኔ የማውቀው የቀለሙን ሽታ ነው። ምንድነው የምትሥለው ስለው፣ 'ልጁ ይምጣና አይቶ ይንገርሽ፤ እኔ ከነገርኩሽ አታምኚኝም' ይለኛል።"

ልጁ የሚሉት እኔን ነበር።

"ቀረህ እንጂ ስንጠብቅህ ነበር" አሉኝ። የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም፤ የወቀሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው አገኙትና ያዙኝ። "ተወው፤ የሆነው ሆኗል። አሁን ግን መጥተሃል አይደል? ንገረኝ እስቲ፤ ምን ነበር የሣለው?"

በአውራ ጣቴ የጠረግኋትን ያቺን ትንሽ ቦታ አሰብሁ።

"ቢጫ ነበረበት" አልኩ።

"ቢጫ" አሉ እሳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው በራ። ጠጋ አሉኝ።

"እሺ፤ ሌላስ?"