ጅራታቸውን ቀይ የቀባኋቸው አይጦች

"አይጦችህን እኮ አንድ ቀንም ወንዝ አሻግሬያቸው አላውቅም" አለኝ ጓደኛዬ። ዛሬ ከሰዓት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ሻይ እየጠጣን።

ከሃምሳ ዓመት በላይ የማውቀው ሰው ነው። በንጉሡ ጊዜ እስቴ ገጠር አብረን ስናስተምር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር።

ገብሳችንን አይጥ ፈጀው። መግደል ግን አልወድም። ማሰሮ ውስጥ ቆሎ አድርጌ እይዛቸውና፣ ደብተር በማርምበት ቀይ ቀለም ጅራታቸውን እቀባለሁ። ጠዋት እሱ ወንዙን አሻግሮ ይለቃቸዋል። ባለ ቀይ ጅራት ቤታችን ከታየ ዘዴው አልሠራም ማለት ነው።

አንድም አልተመለሰም። ስለዚህ ጡረታ እስክወጣ "አይጥ ወንዝ ካሻገራችሁት አይመለስም፤ እኔው ፈትኜዋለሁ፤ እናንተም ሞክራችሁ ንገሩኝ" እያልኩ አስተማርኩ።

"ታዲያ የት አደረስካቸው?" አልኩት ዛሬ።

"ለአከራያችን ድመት ነዋ! በዚያ ብርድ ማን ወንዝ ይገባል? ስትወፍር አላየህም እንዴ፣ አንተ ሰው?"

አይቻለሁ። አከራያችን ወተት የሚያጠጧት መስሎኝ፣ ደግነታቸውን ሳደንቅ ነበር።

እሱ ይስቃል። እኔ ሻዬን ትቼ ተነሣሁ። ያዘንኩት ለአይጦቹ ብቻ አይደለም። በየቀኑ "ተሻገሩ?" ስለው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ "ተሻገሩ" ይለኝ ነበር።

የእኔን ቃል አምናችሁ አይጥ ይዛችሁ ወንዝ የተሻገራችሁ ተማሪዎቼ፣ ተመለሱባችሁ? እውነቱን እዚህ ጻፉልኝ። ሳትሻገሩ ተሻግረናል ያላችሁኝም ጻፉ፤ አሁን ማርክ አልቀንስም።