የመሐሉ ወንበር

ቨርነር ስኮው ሠላሳ አራት ዓመት የገጠር አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሌምቪ በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ዳገት፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሚስት አላገባም። መኪናም ገዝቶ አያውቅም፤ «ቀኑን ሙሉ መሪ ታቅፌ ውዬ ደግሞ ለደስታዬ ልንዳ እንዴ?» ይል ነበር፣ የሚጠይቀው ሰው በነበረበት ዘመን።

ሀብቱ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ሥር የተደረደረው ነው። አንድ ያገለገለ የሲዲ ማጫወቻ፣ ፊቱ የተጫጫረ አንድ የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ቡናማ የእንጨት ስፒከሮች። ውድ ዕቃ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር የሚወዱ ሰዎች እንደሚያውቁት ግን ትልቁ ጉዳይ ወንበሩ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና ወንበሩ በልክ ሦስት ማዕዘን ከሠሩ፣ ዘፋኙ ምንም ነገር ከሌለበት ከመሐል፣ ከባዶው ግድግዳ ፊት ቆሞ ሲዘፍን ይሰማል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊነካው ይቃጣዋል። ይህ ደስታ የሚደርሰው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወንበር አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠ ዘፈኑን እንጂ ዘፋኙን አያገኝም።

ስለዚህ ቨርነርና ታላቅ ወንድሙ ሆልገር ደንብ ነበራቸው። ሆልገር በሌላ ከተማ፣ በሆልስተብሮ፣ የባንክ ሠራተኛ ነበር። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ በመኪናው ይመጣል፣ በጥቁር ዳቦ ላይ ኮምጣጤ የጠጣ ዓሣ አድርገው ይበላሉ፣ ከዚያ ያዳምጣሉ። እንግዳው መጀመሪያ ከመሐል ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ከጎን። ሦስት ዘፈን ሲያልቅ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ይነሡና ቦታ ይለዋወጣሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲለዋወጡ ኖሩ። ብዙ ወሬ አልነበራቸውም፤ አላስፈለጋቸውምም።

የተጣሉት ቨርነር ቤቱን በቀባ ሳምንት ነው። ግድግዳው ከእናታቸው ዘመን ጀምሮ በትምባሆ ጢስ ጠይሞ ነበርና ወንድሙን ላስደንቀው ብሎ ሦስት ቀን መሰላል ላይ ዋለ። ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ፣ ቀብቶ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ እሑድ ጠዋት በጉልበቱ ተንበርክኮ ሽቦውን መልሶ ቀጠለ። ሆልገር መጣ፣ ግድግዳውን አይቶ «አሁን ገና ቤት መሰለ» አለና ከመሐል ተቀመጠ። የሚወዷትን ዘፋኝ፣ ስካገን ከሚባል ከተማ የመጣችውን ሴት፣ ሲዲ አስገቡ፤ እሷ፣ አንድ ጊታርና አንድ ኮንትራባስ የሚባል ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ብቻ ናቸው። ሆልገር ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዘፈን እንኳ ሳያስጨርስ ገለጠው።

«ሴትዮዋ የት ነው የቆመችው?» አለ።

«እንዴት የት ነው? እዚያው ነዋ።»

«የለችም። ከግራ ትመጣለች፣ ከቀኝ ትመጣለች፣ ከጀርባዬም የምትመጣ ይመስለኛል። መሐል ግን ማንም የለም። አንድ ነገር አበላሽተሃል፣ ሾፌሩ።»

ቨርነር ሦስት ቀን መሰላል ላይ የዋለ ሰው ነው። ወገቡ ያመዋል፣ ጥፍሩ ውስጥ ገና ቀለም አለ። ደሙ ፈላ።

«እንዳንተ እንደ ባንክ ሰው ውድ ዕቃ ስላልገዛሁ ነው አይደል? ጆሮህን እኮ ገንዘብ ደፍኖታል!»

«ስለ ዕቃው መች አወራሁ?»

«ካልጣመህ በሩ ያውልህ!»

ሆልገር ቀስ ብሎ ተነሣ። ካፖርቱ ከቀኙ ስፒከር ጀርባ ባለው መስቀያ ላይ ነበር። ካፖርቱን ሲያወርድ ጎንበስ አለ፣ ጥቂት ቆየ፣ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና ወጣ። መኪናው ዳገቱን ሲወርድ እስከ ታች ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በገና በገና ካርድ ይላላካሉ፤ ካርዱ ላይ ስም ብቻ አለ። ሆልገር ወድቆ ዳሌው እንደተሰበረ ቨርነር የሰማው ከአክስታቸው ልጅ ነው። የጎኑን ወንበር ወደ መኝታ ቤት ወስዶ ልብስ ያስቀምጥበታል። እሑድ ሲሆን ከመሐል ይቀመጥና የስካገኗን ሴት ያስገባል። እውነቱን ለመናገር እሱም አያገኛትም ነበር። ድምፅዋ ቤቱን እንደ ጉም ይሞላዋል፤ ኮንትራባሱም ስስ ሆኗል። ለቨርነር ግን ወንድሙ እውነት ነበረው ብሎ ከማመን የጆሮው እርጅና ነው ብሎ ማመን ቀለለው። አንዳንዴም ሰው ብቻውን ሲሆን ሙዚቃው ራሱ የሚሳሳ ይመስለው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት በከተማው ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ አንድ መጽሔት አገላበጠ። የድሮ ሲዲ ማጫወቻዎች ዲስኩን በደህና ያነባሉ፣ ያነበቡትን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚቀይረው የውስጥ ክፍላቸው ግን ጊዜ አልፎበታል ይላል። መድኃኒቱም ከማጫወቻውና ከአምፕሊፋየሩ መካከል የምትገባ ትንሽ ቀያሪ ሣጥን ናት፤ በስድስት መቶ ክሮነር ጥሩዋ ትገኛለች ይላል። ቨርነር ሁለቴ አነበበው። በሽታው እንግዲህ የጆሮ ሳይሆን የቀያሪ ሊሆን ነው። ዘፋኟ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች ደግሞ ወንድሙን ለመጥራት ሰበብ ተገኘ ማለት ነው፤ «ና ስማ፣ አስተካክዬዋለሁ» ይለዋል፣ ማን ጥፋተኛ እንደነበረ ሳይነሣ። ይህን ያሰበው መጽሔቱን ሲመልስ ነበርና የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ያዘዘው ዕቃ በአሥር ቀን መጣ። የሚረከበው የፖስታ ጥቅል ሁሉ ከሚታደልባት የጥጉ ሱቅ ነው፤ ባለቤቷ ሩት ትባላለች፣ በልጅነቷ በቨርነር አውቶቡስ ተማሪ ቤት ትመላለስ ነበር።

«ቨርነር! አንተም ጥቅል ይመጣልሃል እንዴ? ሚስት አስመጣህ?» አለችው።

«በዚህች ካርቶን የምትገባ ሚስት ካለች አሳዪኝ።»

«ከቀለለች ደግሞ ምን ቸገረህ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክመሃት ልትወጣ።»

ቨርነር ሳቀ። በዚያ ሳምንት ያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር።

ሣጥኗ የክብሪት ፓኮ ታክላለች፣ በግንባሯ ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት አለች። አንድ ሽቦ ከማጫወቻው ወደ እሷ፣ ሁለት ሽቦ ከእሷ ወደ አምፕሊፋየሩ። የስካገኗን ሴት አስገብቶ ከመሐል ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

መጽሔቱ አልዋሸም። የጊታሩ ክር ላይ ጣት ሲንሸራተት ተሰማ። ሴትዮዋ ከመዝፈኗ በፊት የምትስበው ትንፋሽ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ሰምቶት የማያውቀው፣ ጥርት ብሎ መጣ። ግን ያ ትንፋሽ ከየትም አልመጣም። ከግራ ነው፣ ከቀኝ ነው፣ ከጀርባው ነው። መነጽር እንደ መወልወል ነበር፤ የተወለወለው መነጽር ያሳየው ግን የክፍሉን ባዶነት ነው። አሁን እርጅና ነው ማለት አልቻለም። ትንፋሽ የሚሰማ ጆሮ ትንፋሹ የመጣበትን እንዴት ያጣዋል?

ሆልገር ያን ቀን ካፖርቱን ሲያወርድ ጎንበስ ብሎ መቆየቱ ትዝ አለው። ከዚያ የእጅ ባትሪ አምጥቶ፣ የወንድሙ ካፖርት ተሰቅሎበት ከነበረው መስቀያ ሥር፣ በጉልበቱ ተንበረከከ።

በስፒከሩ ጀርባ ቀይና ጥቁር የሽቦ መያዣ አለ። ቀይ መሥመር ያለበት ሽቦ በጥቁሩ ገብቷል፣ መሥመር የሌለው በቀዩ። የግራው ትክክል ነው፤ የተገለበጠው የቀኙ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛው ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሁለተኛው ሲስብ ኖሯል፤ ሴትዮዋን ለሁለት ሲጎትቷት። በመያዣው ጫፍ ላይ የደረቀ ነጭ ቀለም ነበር፣ የጣቱ አሻራ ያለበት።

ሽቦውን አዙሮ ቀጠለ፣ ሲዲውን አስነሣና ከመሐል ተቀመጠ። የኮንትራባሱ የመጀመሪያ ድምፅ ወለሉን ረገጠ። ሴትዮዋም መጣች። ከባዶው ግድግዳ ፊት፣ ከቨርነር ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ቆመች።

«ይቅርታ» አላት ቨርነር፣ ጮክ ብሎ።

ከዚያ ስልኩን አነሣ። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ያሰበው ሰበብ ግን አሁን አያገለግልም፤ መጥራት የሚችለው ጥፋቱን ይዞ ብቻ ነው።

«ሆልገር ነኝ» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አለ ሆልገር።

«ማንም አልሞተም። የቀኙ ስፒከር ሽቦ ተገልብጦ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ካፖርቴን ሳወርድ አየሁታ። ቀዩ በጥቁሩ ገብቶ።»

ቨርነር ግድግዳውን ተደገፈ። «አሥራ አንድ ዓመት! አትነግረኝም ነበር?»

«በሩ ያውልህ አልከኝ እኮ። በሩን ተጠቀምኩበት።» ሆልገር ጉሮሮውን ጠረገ። «ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ለሽቦ ብሎ መደወል አሳፈረኝ።»

«ና ስማት። እሑድ ና። መሐል ያንተ ነው።»

«ያው ፎቅ ላይ ነህ?»

«እዚያው ነኝ።»

«በምርኩዝ ነው የምሄደው ቨርነር። ከአልጋ እስከ መስኮት። ያንተን ደረጃ በሕይወቴ ዳግመኛ አልወጣውም።» ይህን ያለው ያለ ምሬት ነው፤ የሚቀጥለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንደሚናገር ሰው።

ታች ከወደቡ የዓሣ ጀልባ ሞተር ይሰማል።

«ሐሙስ በአውቶቡስ እመጣለሁ» አለ ቨርነር።

«ና። ዕቃው ግን በአውቶቡስ አይመጣም።» ከዚያ ሆልገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ከፍተሃታል?»

«አቁሜያታለሁ እንጂ አልዘጋኋትም።»

«እንግዲያው ስልኩን ወንበሩ ላይ አድርገው። እንግዳው መጀመሪያ አይደል?»

ቨርነር ስልኩን በመሐሉ ወንበር ላይ፣ ራስ በሚደገፍበት በኩል፣ በትራስ ደግፎ አቆመው። ሲዲውን ከመጀመሪያው አስነሣ። የጎኑ ወንበር መኝታ ቤት ነውና እሱ በመስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ቦታ ዘፈኑ እንጂ ዘፋኟ አትገኝም።

«እዚህ እንደ ቆርቆሮ ነው የሚሰማው» አለ ስልኩ። «የት ነው የቆመችው? አንተ ንገረኝ።»

«መሐል።»

«ወደ ግራ አላዘነበለችም?»

«ትክክል መሐል ነች።»

«ደህና» አለ ሆልገር፤ ከዚያ ወዲያ ያዳምጥ ጀመር።

ሦስት ዘፈን አለቀ። ቨርነር እንደ ድሮው ቦታ ለመለዋወጥ አንድ እርምጃ ተራመደ። ስልኩን፣ ወንበሩንም አየ። ከዚያ ተመልሶ ወደ መስኮቱ ሄደና አራተኛውም እንዲቀጥል ተወው።