እትዬ አበዛሽ በጉም ውስጥ ያዩት ፊት

ባለፈው ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ደርሼ ስመለስ፣ ባጃጅ ከምንጠብቅበት ቦታ ላይ አንድ ሰው የአንዲትን ሴት ስልክ መንትፎ ሮጠ። ወዲያው ሰዉ ግር ብሎ አንድ ወጣት አንቆ አመጣ። ከያዙት አንዱ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ እርስዎ ፊት ለፊት ነበሩ። ይሄ ነው አይደል?»

«አዎ» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰች። ድንገት እትዬ አበዛሽ ትዝ አሉኝና ክው ብዬ ቀረሁ።

እትዬ አበዛሽ የታላቅ ወንድሜ የይስማው ክርስትና እናት ነበሩ። እኔ ያኔ ገና ያልተዳርሁ ልጃገረድ ነኝ፤ ቤታችን ጥርባ በምትባል መንደር። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጉሙ እየተነሣ ቀርከሃውን በሚውጥበት ሰሞን፣ የጎረቤታችን ጊደር በምሽት ተሰረቀች። የዚያን ቀን ጠዋት ትልቅ ለቅሶ ነበር፤ ይስማው እንደ አገራችን የለቅሶ ወግ ፈረሱን ሸልሞ ለቅሶው ሜዳ ላይ ሲጋልብ፣ እትዬ አበዛሽም ሳይቀሩ፣ አገር አይቶታል። እንዴት ያምርበት ነበር!

በእኛ አገር ከብት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ሌባው እስኪታወቅ መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ማንም ወደ ሥራው አይሄድ። እትዬ አበዛሽ መጀመሪያ፣ «አንድ ፈረሰኛ ጊደር ሲነዳ አይቻለሁ፤ ፊቱን ጉም ሸፍኖታል» ነው ያሉት። ሽማግሎቹ ግን አልለቀቋቸውም። «እስቲ አስታውሺ! ፈረሱስ? ጢምስ ነበረው?» በማግሥቱም እንዲሁ። እርሻው ይጠብቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰዉ ያጉረመርማል። በመጨረሻ እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ።

«ልጄ ነው። ይስማው ነው። በዓይኔ በብረቱ አየሁት!»

እናቴ ጮኸች። ይስማው አልጮኸም። «ክርስትና እናቴ፣ እኔን?» ብቻ አለ። አስረው ዳንግላ ወሰዱት። ክረምቱን ሙሉ እኔና እናቴ የተቀቀለ ድንች ቋጥረን፣ መንገድ እያደርን፣ በዚያ ጭቃ ተመላለስን።

መስከረም ሲጠባ ጊደሯ አዘና ገበያ ላይ ተገኘች፤ ጆሮዋ ላይ ባለው ምልክት ታወቀች። ሻጩ ሲያዝ «ሰርቄያለሁ» ብሎ አመነ። አጭር፣ ጢም የሚባል ያልበቀለበት ሰው ነው። የእኛ ይስማው ሪዛም፣ ዘንካታ! እትዬ አበዛሽን አምጥተው ፊቱ አቆሟቸው።

«ይሄን ሰውዬ አይቼውም አላውቅ» አሉ።

ሌባው ሳቀ። «እንዴ እትዬ! ያን ለት እንደምን አመሸህ ብለውኝ አልነበር?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ እንጃ፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የማየው ልጄን ነው» አሉ። አልዋሹም እኮ! ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ውሸታም ቢሆኑ በቀለለኝ። ይስማው ተፈታ፤ ፈረስ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣም።

እናም ቅዳሜ ለት፣ «ጀርባውን ነው ያየሁት፤ ፊቱን አላየሁም» አልኋቸው። «ተዋቸው፣ አርጅተዋል» ብለው ሳቁብኝ። ወጣቱን ያነቀው እጅ ግን ላላ።

ቤቴ ገብቼ ቁጭ ስል ነው ሌላው ድንጋጤ የመጣብኝ። ጊደሯ ስትሰረቅ እኔ ቤት ውስጥ ነበርሁ፤ ምንም አላየሁም። ታዲያ ዓይኔን ስጨፍን፣ በዚያ ጉም መሀል፣ ይስማው ጊደሯን ሲነዳ የሚታየኝ እንዴት ነው?